የመጨረሻው ወረቀት ጀርባ

ፕሬዚዳንታችን ቫልቴር የእግር ኳስ ክለባችንን የመቶ ዓመት ታሪክ እንድጽፍ የጠየቀኝ በጫማ ሶል ፋብሪካው ቢሮ ውስጥ፣ ቆሞ፣ አንድ ዓይኑን ስልኩ ላይ አድርጎ ነው። ከዩኒቨርሲቲ በታሪክ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። በከተማችን በሮካልቪና ታሪክ የተማረ ሌላ ሰው ስለሌለ ብዙ ምርጫ አልነበረውም።

«መቶ ሃያ ገጽ ይበቃል። ፎቶ ይብዛበት፤ ሰው የሚያየው ፎቶ ነው» አለኝ። ከዚያ ስልኩን ኪሱ ከተተና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያቺን የካምፖዴሎን ነገር ደግሞ አታርዝሚያት፣ ዲሌታ። አንድ መስመር በቂዋ ነው።»

«ምን ብዬ ልጻፋት?»

«ያው የሆነውን ነዋ! ጸሐፊው ተሳሳተ፣ ውጤቱ ተሰረዘ፣ አለቀ። ቃለ ጉባኤው አለልሽ አይደል እንዴ? ሰነድ ማለት ሰነድ ነው፤ የተማርሽው አንቺ።»

ቃለ ጉባኤው አለ። የተጻፈው በእኔ እጅ ነው።

የክለቡ ወረቀቶች የሚቀመጡት ከተመልካቾች መቀመጫ ሥር፣ የኖራ ከረጢትና የተቀደዱ መረቦች ባሉበት ክፍል ውስጥ ነው። ሚያዝያን ሙሉ እዚያ ተቀምጬ አነበብኩ። ክለቡን እ.ኤ.አ. በ1924 የመሠረቱት አሥራ አራት ጫማ ሰፊዎች ናቸው። ሜዳውን የሰጣቸው የከተማው ቄስ ሲሆን፣ ያስገባቸው ግዴታ አንድ ብቻ ነበር፤ የእሑድ ከሰዓቱ ጸሎት ሳያልቅ ኳስ እንዳይመታ። ሜዳው ከከተማው ዝቅ ብሎ ኮረብታው ወገብ ላይ ስለሆነ በምሥራቅ በኩል የወጣ ኳስ ገደል ይገባል። በሠላሳዎቹ ዓመታት የተጻፈ አንድ ደብዳቤ እንግዳው ቡድን የራሱን ኳስ ይዞ እንዲመጣ፣ «የእኛ ሁለቱ ከታች ካለው ወንዝ እስኪወጡ ድረስ» ብሎ በትሕትና ይለምናል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሜዳው ላይ ድንች ተተከለ። በ1946 የመጀመሪያው ጨዋታ ሲደረግ በረኛው በሁለቱ ቋሚዎች መካከል የበቀለ ድንች አግኝቶ ነቀለው፤ ኪሱ ከትቶትም እስከ መጨረሻው ተጫወተ። ይህን ሁሉ በደስታ ገለበጥኩ። ሰዎቹ ሞተዋል፤ እኔ የበደልኳቸው ነገር የለም።

ከ1977 ወዲህ ያሉት ወረቀቶች ግን በአንድ ሰው የእጅ ጽሑፍ የተሞሉ ናቸው። ፊደሉ ትንንሽ ነው፤ ቀጥ ብሎ የቆመ። የሲኞር ኤጂዲዮ ነው። ሲኞር ኤጂዲዮ ፀጉር አስተካካይ ነበሩ፤ አርባ አንድ ዓመት ያለ ደመወዝ የክለቡ ጸሐፊ ሆነው ሠሩ። ደብዳቤ የሚጽፉት፣ ተጫዋች የሚያስመዘግቡት፣ እሑድ እሑድ የተሰላፊዎቹን ዝርዝር ፈርመው ለዳኛው የሚሰጡት እሳቸው ነበሩ። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ዓይናቸው መድከም ጀመረና ኮምፒውተር ላይ የሚጽፍላቸው ሰው ፈለጉ። «ይቺ ልጅ አታወራም፤ ስለዚህ ታነባለች ማለት ነው» አሉት አባቴን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት መልስ ፀጉር ቤቱ እየሄድኩ፣ ሰው ሲላጭ፣ ጥግ ላይ ተቀምጬ ደብዳቤ እጽፍ ነበር። እንደዚያ ደስ ብሎኝ የሠራሁት ሌላ ሥራ የለም።

በእኛ ከተማ አንድ ልማድ አለ። ፌዴሬሽኑ ሐሙስ ሐሙስ መግለጫ ያወጣል፤ ማን እንደተቀጣ፣ ማን እንደታገደ ይነግራል። ሌላው ክለብ ስልኩን ከፍቶ ያያል። ሮካልቪና ውስጥ ግን መግለጫውን ማንም ብቻውን አያነበውም። በ1961 አንድ አጥቂ ጋዜጣ መሸጫው ደጃፍ ላይ ብቻውን ቆሞ ስሙን ፈልጎ አነበበ፤ እሑድ እግሩ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ እዚህ መግለጫ ይሰማል እንጂ አይነበብም። ጸሐፊው ከምሽቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት በሴኮንዶ ቡና ቤት ደረጃ ላይ ይቆምና ጮክ ብሎ ያነባል። ተጫዋቾቹና ሽማግሌዎቹ ብርጭቆ ይዘው ያዳምጣሉ፤ ዳኛ ይረግማሉ፤ ይሳሳቃሉ።

የዛሬ ስድስት ዓመት፣ በግንቦት፣ የውድድር ዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ሦስት ቀን ሲቀረው ሲኞር ኤጂዲዮ አንድ ዓይናቸውን ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። የመጨረሻ ተጋጣሚያችንን ካምፖዴሎን ካሸነፍን፣ ከአርባ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ላይኛው ምድብ እናልፋለን። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከሆስፒታል ደወሉልኝ።

«መግለጫውን አንቺ ታነቢልኛለሽ፣ ልጄ። የእኛ ሰው ስም ከመጣ በቀይ አስምሪበት። ቅዳሜ ወረቀቱን ታመጪልኛለሽ።»

«ሲኞር ኤጂዲዮ፣ እኔ ሰው ፊት…»

«ወረቀቱን እያየሽ አንብቢ። ሰውን ማን እይ አለሽ?»

ባለ ቡና ቤቱ ሴኮንዶ መግለጫውን አትሞ ሦስት ወረቀት ሰጠኝ። ደረጃው ላይ ወጣሁ። ሠላሳ የሚሆኑ ወንዶች ነበሩ።

«ጮክ በይ! ለቄስ እየተናዘዝሽ ነው እንዴ?» አለ አንዱ።

«ተዋት፣ ዩኒቨርሲቲ የገባችው ዶክተራችን ናት። በላቲን ነው የምታነበው።»

«ኧረ ቶሎ በይ፣ ቢራው ሞቀ!»

ኔቪዮም እዚያ ነበር። ኔቪዮ የግራ ተከላካያችን ነው፤ ቧንቧ ሠራተኛ፣ ያኔ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ። ከልጅነቱ ጀምሮ ለሌላ ክለብ ተጫውቶ አያውቅም፤ ከእሑዱ ጨዋታ በኋላ ጫማውን እንደሚሰቅልም ተናግሮ ነበር። «ዝም በሉ እስቲ፣ ልጅቷን አታስደንግጧት» ያለው እሱ ብቻ ነው።

አነበብኩ። ከወረቀቱ ቀና አላልኩም። በሦስተኛው ወረቀት ላይ የእኛ ምድብ ቅጣቶች ጀመሩ። የሌላ ቡድን ሰዎች፣ አሁንም የሌላ ቡድን ሰዎች፣ ከዚያ ገጹ አለቀ። ሴኮንዶ ወረቀት አልቆበት የመጨረሻውን ገጽ ከጀርባ አትሞት ኖሯል፤ ፊደሉ ጥላው ወደ ፊት አልፎ ይታይ ነበር። አየሁት። ይህን እስከ ዘንድሮ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አየሁት። የሌላ ምድብ ይሆናል አልኩ ለራሴ። «አለቀ» አልኩና ወረድኩ። አጨበጨቡልኝ። ሴኮንዶ የብርቱካን ጭማቂ ጋበዘኝ።

ቅዳሜ ወረቀቱን ሳደርስላቸው የሲኞር ኤጂዲዮ አንድ ዓይን በፋሻ ተሸፍኖ ነበር።

«የእኛ ሰው የለም?»

«የለም።»

«ሁሉንም አነበብሽው?»

«አዎ» አልኩ።

እሑድ አንድ ለዜሮ አሸነፍን። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተደወለ፤ ኔቪዮን በትከሻ ተሸክመው አደባባዩ ላይ ያለው የውኃ ገንዳ ውስጥ ጣሉት። ሲኞር ኤጂዲዮ የክለቡን ወይን ጠጅ ቀለም ስካርፍ አንገታቸው ላይ ጠምጥመው በአንዱ ዓይናቸው አለቀሱ። ማክሰኞ ካምፖዴሎ አቤቱታ አስገባ። ከዚያ በፊት በነበረው ጨዋታ ኔቪዮ ፊሽካ ከተነፋ በኋላ ዳኛውን አንድ ነገር ብሎት ኖሯል። ዳኛው ካርድ ሳያሳየው ሪፖርቱ ላይ አሰፈረው። አምስተኛ ቢጫው ሆነ፤ አምስተኛ ቢጫ ደግሞ አንድ ጨዋታ ያሳግዳል። ስሙ በሦስተኛው ወረቀት ጀርባ፣ ከላይ ሁለተኛው መስመር ላይ ነበር። የታገደ ሰው ስላሰለፍን ሦስት ለዜሮ እንደተሸነፍን ተቆጠረ፤ ካምፖዴሎ አለፈ።

በዚያው ሳምንት ስብሰባ ተጠራ። ቃለ ጉባኤ ያዥዋ እኔ ነበርኩ።

«ይሄን ወረቀት ያየው ማን ነው?» አለ ቫልቴር፣ ጠረጴዛውን እየመታ።

አንገቴን ደፋሁ። አሁን እናገራለሁ፣ አሁን እናገራለሁ እያልኩ ቀኑን ጻፍኩ፤ የተገኙትን ሰዎች ስም አንድ በአንድ ጻፍኩ። ሲኞር ኤጂዲዮ ተነሡ።

«ዝርዝሩን የፈረምኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ዓይኔ ነው። አላየሁትም።»

«ዓይንህ ካላየ ለምን አትተወውም ነበር፣ አንተ ሽማግሌ!» ብሎ የጮኸው ኔቪዮ ነው። ወንበር አንሥቶ ነበር፤ ሁለት ሰዎች ያዙት።

«ጸሐፊው ስህተቱ የእርሳቸው መሆኑን አምነው ኃላፊነታቸውን ለቀቁ» ብዬ ጻፍኩ። ስርዝ ድልዝ የለውም።

በሁለተኛው ዓመት ክለቡ ጭራሽ ወደ ታች ወረደ፤ እሱም በእሳቸው ተላከከ። በየካቲቱ ካርኒቫል፣ ከተማው በጋሪ ላይ በሚያሳየው የቀልድ ትርኢት ሰልፍ፣ ከወጡት ጋሪዎች አንዱ ዓይኑ የታሰረ ፀጉር አስተካካይ የያዘ ነበር። የእንጨት መቀስ ይዞ የሕዝቡን ጆሮ ሊቆርጥ ይሞክራል። ፀጉር አስተካካዩን ሆኖ የተጫወተው ኔቪዮ ነው። ሰው በሳቅ ፈረሰ። አባቴ ሲስቅ እኔም ሳቅሁ። የሲኞር ኤጂዲዮ መስኮት በዚያ በኩል ነው፤ መጋረጃው ተዘግቶ ነበር።

እሳቸው ሜዳ መምጣት ተዉ። እኔ ደግሞ እሳቸው ቤት መሄድ ተውኩ። ለዩኒቨርሲቲ ወደ ትልቁ ከተማ ስመላለስ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው የሚወስደው አጭሩ መንገድ በበራቸው ያልፋል፤ በረጅሙ እሄድ ነበር። ካገኘኋቸውም ከመንገዱ ማዶ እጄን አነሣለሁ።

መጽሐፉን መጻፍ ከጀመርኩ በኋላ ማምለጫ አጣሁ። ከ1977 ወዲህ ያለውን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። በግንቦት መጨረሻ አንድ ከሰዓት ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። ከቤቱ ኋላ ባለችው ጓሮ የቲማቲም ችግኝ ከሸምበቆ ጋር እያሰሩ ነበር። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው።

«ዲሌታ ነኝ፣ ሲኞር ኤጂዲዮ።»

«አየሁሽ። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ዓይኔ የንስር ነው። ያቺን ገመድ አቀብዪኝ።»

አቀበልኳቸው።

«የክለቡን መጽሐፍ እየጻፍኩ ነው።»

«ሰምቻለሁ። ሽፋኑ ላይ ስንት ቫልቴር አለ?»

«አንድ።»

«ገና ይጨመራል» አሉ።

አንድ ሰዓት ያህል ነገሩኝ። በሰማንያዎቹ ስለነበረ፣ ፍጹም ቅጣት ምት ሲመታ ዓይኑን ስለሚጨፍን በረኛ፤ በበረዶ ምክንያት እንግዳው ቡድን ከተማ ውስጥ ሦስት ቀን መውጫ አጥቶ ስለቆየበት ጊዜ፤ ከእንግዶቹ አንዱ የዳቦ ጋጋሪውን ልጅ ስለማግባቱ። እየጻፍኩ ሳቅሁ። ከዚያ በሳቄ አፈርኩ። ደብተሩን ዘጋሁት።

«ሲኞር ኤጂዲዮ፣ የወረቀቱን ጀርባ ያላነበብኩት እኔ ነኝ።»

ገመዱን ማሰር አላቆሙም። «አውቃለሁ» አሉ።

«ፊደሉን አይቼው ነበር። ሌላ ገጽ እንዳለ እያወቅሁ ነው የወረድኩት። ሲጠይቁኝም ዋሸሁዎት።»

እጃቸው ቆመ።

«ይሄንን አላውቅም ነበር» አሉ።

ገመዱ ከጣታቸው ወደቀ። ላነሣው ጎንበስ ስል በእጃቸው ከለከሉኝና ራሳቸው አነሡት።

«እኔ እኮ መገልበጡን አላወቀችም፣ ልጅ ናት ብዬ ነበር» አሉ።

«ለምን ዓይኔ ነው አሉ?»

«ምን ልበል? ወረቀቱ ከቅዳሜ ጀምሮ እቤቴ ነበረ። መገልበጥ አንድ ዓይን ይበቃው ነበር። ፈራሚው እኔ ነኝ። ያ ወንበር ያነሣ ጎረምሳ ፊት ለፊት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ላይ ጣቴን ልቀስር?»

አመሰግናለሁ ልል አፌን ከፈትኩ።

«አታመስግኚኝ» አሉ ቶሎ ብለው። ድምፃቸው እንደዚያ ሲሆን ሰምቼ አላውቅም። «በዚያ ቀን ነገር ቆጭቶኝ አያውቅም። ግን ሰኞ ትመጣለች አልኩ። ከዚያ ለገና ትመጣለች አልኩ። ለከተማው ሁሉ እንድትለፈልፊ አይደለም። መጥተሽ እንድትቀመጪ ነበር። ጥግሽ ላይ። አንቺ ግን መንገድ ለወጥሽ። እንደ ባለ ዕዳ ማዶ ለማዶ እጅ ታነሺልኛለሽ። እነሱ በጋሪያቸው ቢስቁ ሞኞች ናቸው፣ ሁልጊዜም ሞኞች ነበሩ። አንቺ ግን ሞኝ አልነበርሽም።»

አንድ ችግኝ ያዝኩላቸው፤ አሰሩት።

«መጽሐፉ ውስጥ እጽፈዋለሁ» አልኩ።

«ለእኔ ብለሽ ከሆነ ተይው፤ ለምጄዋለሁ። ለራስሽ ከሆነ ጻፊው። ግን ጽፈሽ መጥተሽ ጎበዝ እንድልሽ አትጠብቂ።»

ያንን ገጽ ለመጻፍ አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። መጀመሪያ የጻፍኩት በጣም ረጅም ሆነ። ዕድሜዬን አስገባሁ፣ ዓይን አፋርነቴን አስገባሁ፣ ሰዎቹ እንደጮኹብኝ አስገባሁ። ሳነበው ለራሴ ጥብቅና የቆምኩ መሰለኝ፤ አወጣሁት። በመጨረሻ ስምንት ዐረፍተ ነገር ቀረ። ወረቀቱን ማን እንዳነበበው፣ ምን እንዳየች፣ ምን ብላ እንደዋሸች፣ ቃለ ጉባኤውን ማን እንደጻፈው።

ቫልቴር አንብቦ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

«አብደሻል? አባትሽ እዚህ ከተማ ሱቅ አለው እኮ።»

«ነግሬዋለሁ።»

«ምን አለሽ?»

«ወደ ጓዳ ገባ።»

«እይ፣ ዲሌታ። ሰው ረስቶታል። ሽማግሌውም…»

«እሳቸው አልረሱትም።»

«ያንቺን ገጽ አውጥቼ በቃለ ጉባኤው መሠረት አሳትመዋለሁ።»

«አሳትመው። የቀረውን መቶ አሥራ ዘጠኝ ገጽ ግን ሌላ ሰው ይጽፈዋል» አልኩ። ማተሚያ ቤቱ ለመስከረም ቀን ተቆርጦለታል፤ ጊዜ እንደሌለው ሁለታችንም እናውቃለን።

ግንባሩን አሸ። «ፊደሉን ቢያንስ ትንሽ አድርጊው» አለ።

የማረሚያውን ቅጂ ለሲኞር ኤጂዲዮ ወሰድኩላቸው። ቆመው፣ በማጉያ መነጽር፣ ያንን ገጽ ብቻ አነበቡ። ጨርሰው እንደገና ከላይ ጀመሩ። «ግቡ የገባው በሰባ አንደኛው ደቂቃ ነው፤ ሰባ ብለሽዋል» አሉና መለሱልኝ። አረምኩት።

መጽሐፉ የወጣው በመስከረም የመጀመሪያው እሑድ፣ ከሰዓት፣ ሜዳው ላይ ነው። ቫልቴር ንግግር አደረገ፤ ሥጋ የታጨቀበት የተጠበሰ የወይራ ፍሬ በወረቀት እየተጠቀለለ ይታደል ነበር። እኔ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጬ እፈርማለሁ። ሰው መጽሐፉን ሲያነሣ መጀመሪያ የሚፈልገው የራሱን ስም ነው። ስለዚህ ያንን ገጽ ገና ማንም አላገኘውም ነበር። ሲኞር ኤጂዲዮ አልመጡም።

ኔቪዮ ከሰልፉ ሳይገባ ከጎን መጣ። አርባ ሁለት ዓመት ሞልቶት ወፍሯል። አንድ ቅጂ አንሥቶ ስሙን ፈለገ። አገኘው። ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አንድ ጊዜ ወደ እኔ ቀና አለና ተመልሶ አቀረቀረ። መጽሐፉን ዘጋው።

«አንቺ?»

«እኔ ነኝ።»

«ስድስት ዓመት ሙሉ ሰውየውን አስጠላሽኝ።»

«አዎ።»

«በር ላይ አግኝቼው ምራቄን ተፍቻለሁ። ታውቂያለሽ? ቧንቧው ፈንድቶ ሲያስጠራኝ ጊዜ የለኝም አልኩት። በዚያ ብርድ።»

አላውቅም ነበር። ሴኮንዶ እጁ ላይ ያለውን መጽሐፍ እየገላለጠ ገጹን መፈለግ ጀመረ።

«ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩ።

«አላደርግም» አለ ኔቪዮ። «ዛሬ አላደርግም። እሱ ይሄን አንብቦታል?»

«አንብበውታል።»

ኮረብታውን ወደሚወጣው መንገድ ተመለከተ፤ ሁለት እርምጃ ሄደ፤ ተመለሰ።

«ነይ ተነሺ» አለኝ።

«ወዴት?»

«ወዴት ይመስልሻል? ብቻዬን ምን ብዬ እገባለሁ እሱ ቤት? አንቺስ ብትሆኚ እዚህ ተቀምጠሽ ስትፈርሚ ልትውዪ ነው? ተነሺ!»

እስክሪብቶውን ክዳኑን አድርጌ መጽሐፎቹ ላይ አስቀመጥኩ። ተነሣሁ። «ዲሌታ፣ ሰው እኮ ተሰልፏል!» አለ ቫልቴር ከማይክሮፎኑ አጠገብ፤ ድምፁ በሜዳው ሁሉ ተሰማ። ሁሉም ዞሮ አየን። በሰዎቹ መሀል አለፍን፤ ኔቪዮ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ዳገቱን ተያያዝነው። እሱ ሁለቴ ቆሞ ትንፋሹን ሰበሰበ፤ እኔም አብሬው ቆምኩ።

በሩ ጋ ስንደርስ ሸሚዙን ወደ ሱሪው ከተተ። እጁን አነሣና መልሶ አወረደው። ፊቱ ቀልቷል።

«አንቺ አንኳኪ» አለ።

አንኳኳሁ።